8 ጊጋ አስገብታችሁ 4 ብቻ ሲቆጠር፦ የጎደለውን ራም ፍለጋ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ዴስክቶፕ ኮምፒውተራቸውን በልጃቸው አስይዘው ላኩልኝ። የኮምፒውተሩ ራም (ሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዘው ክፍል) 4 ጊጋ ነበር። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በሚበዛበት ሰሞን እየተንቀራፈፈ ስላስቸገራቸው ሌላ ባለ 4 ጊጋ ራም ከመርካቶ አስመጥተው አስገቡለት። ለውጥ የለም። «ራሙ ተበላሽቷል» ተብለው ሌላ አስመጡ። አሁንም ለውጥ የለም። ፎርማት ተደረገ፣ ያው ነው። በመጨረሻ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» ተባሉ፤ ማዘርቦርድ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ነበር፤ የሲስተሙን ገጽ ሳየው «32 ቢት» ይላል። ሁለቱም ራሞች ደህና ናቸው፣ ማዘርቦርዱም ደህና ነው። ፎርማት ያደረገው ሰው የጫነው ዊንዶውስ ቀድሞ የነበረውን ያንኑ ባለ 32 ቢት ነው፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ ራም መጠቀም አይችልም።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ራም ለመግዛት አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፣ ወይም ለሰው አደራ ሰጥቶ መጠበቅ አለ። ሞጣ ያለ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይደክማል። ስለዚህ እዚህ እኛ ጋ የተሳሳተ ግምት ውድ ነው። የምጽፍላችሁ ምንም ሳትገዙ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ላጲስና አንድ ወረቀት ይዛችሁ የምትሠሩትን ነው።

ሦስት ቦታ ይቆጠራል

ከአውድማ 8 ቁና ተሰፍሮ የወጣ ጤፍ ጎተራ ሲደርስ 4 ከሆነ ጎተራውን አፍርሰን አንሠራም። መንገድ ላይ የት እንደ ጎደለ ነው የምንጠይቀው። ራምም በሦስት ቦታ ይቆጠራል፦ እናንተ በእጃችሁ ስሎት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የራም መሰኪያ) ውስጥ ያስገባችሁት አንድ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ያየው ሁለት፣ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ሦስት። ቁጥሩ ከየትኛው ወደ የትኛው ሲሻገር እንደ ቀነሰ ሳታውቁ ምንም አትንኩ። ብዙ ጠጋኝ የሚሳሳተው ይህችን ደቂቃ ስለሚዘላት ነው።

መጀመሪያ ዊንዶውስን ጠይቁ። «ዚስ ፒሲ» የሚለው ላይ (በዊንዶውስ 7 «ኮምፒውተር» ነው የሚለው) በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»ን ክፈቱ። ራም በሚለው መስመር አንዳንዴ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 8.00 ጊጋ ካለ በኋላ በቅንፍ «3.41 ዩዝብል» ይላል። የመጀመሪያው የተገጠመው ነው፣ ሁለተኛው ዊንዶውስ ሊጠቀምበት የቻለው። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ። እዚያው ገጽ ላይ «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን ፈልጉና 32 ቢት ወይም 64 ቢት መሆኑንም ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሳቻ አለ፤ መስመሩ «32 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ 64 ቢት ፕሮሰሰር» ሊል ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ፕሮሰሰሩ 64 መሆኑ መፍትሔ እንዳለ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ቀጥሎ ባዮሱን ጠይቁ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወዲያው «ዴል» ወይም «ኤፍ2»ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤፍ10» ነው፣ ዴል ላይ «ኤፍ2»፣ ሌኖቮ ላይ «ኤፍ1»። መጀመሪያ በሚመጣው ገጽ ወይም «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በሚለው ስር ጠቅላላው የራም መጠን አለ። አንዳንዱ ባዮስ ከዚያ አልፎ በየስሎቱ የተሰካውን ለብቻ ለብቻ ይዘረዝራል፤ ካለ እሱንም ጻፉት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ባዮሱ ሙሉውን ካየና ዊንዶውስ ካጎደለ ጉዳያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር ወይም ሴቲንግ ነው፤ ካቻቢቴውን አስቀምጡት። ባዮሱ ራሱ ካጎደለ ግን ዊንዶውስን መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት አይመለስም፤ የሃርድዌር ነገር ነውና ወደ ታች ሂዱ።

ባዮስ ሙሉ፣ ዊንዶውስ ጎዶሎ

ከሁሉ በፊት 32 ቢቱን አጣሩ። 32 ቢት ዊንዶውስ ሊጠራቸው የሚችላቸው አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው፤ ይህ 4 ጊጋ ባይት ነው። ከእነዚህ አድራሻዎች ላይ ግራፊክስ ካርዱና ሌሎች የማዘርቦርድ ክፍሎች የራሳቸውን ድርሻ ስለሚይዙ ለራሙ የሚተርፈው 3 ጊጋ ከምናምን ይሆናል። 8 ብታስገቡ፣ 16 ብታስገቡ ያው 3 ከምናምን ነው። መፍትሔው 64 ቢት ዊንዶውስ መጫን ብቻ ነው፤ ከ32 ወደ 64 ደግሞ በአፕዴት አይሻገሩም፣ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ መጫን አለበት። ስለዚህ ፋይሎቻችሁን በፍላሽ ወይም በሌላ ሃርድ ዲስክ አውጡ። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ሌላም ቀድሞ መታየት ያለበት አለ፦ የፕሪንተሩና የስካነሩ 64 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውስን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) መኖሩን፣ የምትጠቀሙበት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በ64 ቢት መሥራቱን አረጋግጡ። አሮጌ ፕሪንተር ያለው ሰው ይህን ሳያይ ቢቀይር ራሙን አግኝቶ ፕሪንተሩን ያጣል።

ዊንዶውሱ 64 ቢት ሆኖ ካጎደለ የመነሻ ሴቲንጉን እዩ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ተጫኑ፤ በሚወጣው ትንሽ ሣጥን «ኤምኤስኮንፊግ» ብላችሁ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ጻፉና «ኢንተር» በሉ፤ ፊደሎቹ በተራ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ ናቸው። «ቡት» የሚለውን ገጽ፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»ን ክፈቱ። «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ላይ የራይት ምልክት ካለ አንሡት፣ «ኦኬ» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ይህ ምልክት ባዶ መሆን ነው ያለበት። «ኮምፒውተር ያፈጥናል» ተብሎ በቪዲዮ ስለሚሰራጭ ብዙ ሰው ይነካዋል፤ የሚሠራው ግን ዊንዶውስን ከዚህ ቁጥር በላይ አትጠቀም ብሎ መከልከል ነው። ማንም በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ይህን «አስተካክላለሁ» ሲል አትፍቀዱ።

ከዚያ «ኮንትሮል»ን፣ «ሺፍት»ንና «ኤስኬፕ»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። «ፐርፎርማንስ»፣ ቀጥሎ «ሜሞሪ» ስትሉ ከታች «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» የሚል ቁጥር አለ (ይህ በዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ነው፤ በዊንዶውስ 7 ሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ ታገኙታላችሁ)። ግራፊክስ ካርድ ለብቻው የሌለው ኮምፒውተር ለስክሪኑ የሚሆነውን ከራሙ ላይ ስለሚወስድ ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት እዚህ ቢታይ አይግረማችሁ። ከአስፈላጊው በላይ የወሰደ ከመሰላችሁ ባዮስ ውስጥ «ሼርድ ሜሞሪ» ወይም «ዲቪኤምቲ» በሚል ስም ያለውን ዝቅ አድርጉት። ለጽሑፍ ሥራ ትንሹ ይበቃል።

እዚህ ቁጥር ላይ 4 ጊጋ የሚያህል ካያችሁና ዊንዶውሱ 64 ቢት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በድሮ ማዘርቦርድ ላይ ባዮስ ውስጥ «ሜሞሪ ሪማፕ» የሚል ካለ «ኢነብልድ» መሆኑን እዩ። እሱ ካልሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ፣ አንዱ ራም ስሎቱ ውስጥ በትክክል አለመገጠሙን ጠርጥሩ። ይህ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። እያንዳንዱ ራም ላይ መጠኑንና ፍጥነቱን የያዘች አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ባዮሱ እሷን የሚያነባት ከዋናው የመረጃ መስመር በተለየ በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ነው። ስለዚህ ራሙ «እኔ 4 ጊጋ ነኝ» ብሎ ስሙን ሊናገር ይችላል፣ ሥራ የሚሠራበት መስመር ግን ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ በዝርዝሩ ሁለቱም ራሞች አሉ፣ በጥቅም ላይ ያለው ግን አንዱ ነው። ይህ ሲሆን ወደ ሃርድዌሩ ምርመራ እለፉ።

የዊንዶውስ ዓይነትም ገደብ አለው። ዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ 64 ቢቱ እንኳ ከ8 ጊጋ አያልፍም፣ ሆም ፕሪሚየም ከ16 አያልፍም። ዊንዶውስ 10 ሆም 128 ስለሚደርስ እዚያ ይህ አያሳስባችሁም።

ባዮሱም ካጎደለ፦ ሣጥኑን መክፈት

ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» የምንለውን ሣጥን ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ከተሰካ ማዘርቦርዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ማብሪያውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ የተጠራቀመው ይለቃል። የሱፍ ሹራብ ከለበሳችሁ አውልቁ፤ ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፤ ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ በሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፕ ለማቃጠል ይበቃል፣ እናንተ ግን ላይሰማችሁ ይችላል።

በስሎቱ ጫፍና ጫፍ ያሉትን መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ገፍታችሁ ራሞቹን አውጡ። በእርሳስ «ሀ» እና «ለ» ብላችሁ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። ስሎቶቹንም ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ካለው ጀምራችሁ 1፣ 2 በሉ። ይህ ምልክት ከቀረ በሦስተኛው ሙከራ ላይ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋባችኋል።

አሁን የራሙን የወርቅ መልክ ያላቸው ጥርሶች ብርሃን ላይ እዩአቸው። ደብዘዝ ካሉ ወይም ጥቁር ነገር ካለባቸው በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ በአንድ አቅጣጫ አሹ፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አልኮል ካላችሁ ጥንካሬው ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ኢሶፕሮፒል በጥጥ ተጠቀሙ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ ውሃ ስላለበት ከተጠቀማችሁ ጥሩ አድርጎ እስኪደርቅ ጠብቁ። ስሎቱን በብሩሽና በብሎወር አጽዱ። በአፍ እፍ አትበሉበት፤ የአፍ እርጥበት ይገባበታል። መርፌ ወይም ቢላ ስሎት ውስጥ አታስገቡ።

ይህን ማጽዳት ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። በእኛ አገር ከበጋው አቧራ በላይ ክረምቱ ነው የሚጎዳው። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍሎች ሰኔ መጨረሻ ተቆልፈው ሐምሌንና ነሐሴን በእርጥበት ያሳልፋሉ፤ በበጋ የተከማቸው አቧራ እርጥበቱን ይይዛል፣ ጥርሶቹ ላይ ይጋገራል። መስከረም ላይ ሲከፈቱ «ራማቸው ጎደለ» ወይም «ጭራሽ አልነሣ አሉ» የሚባሉት ኮምፒውተሮች በላጲስ ብቻ ሲድኑ ደጋግሜ አይቻለሁ። ባሕር ዳርም ከጣና ዳር ያሉ ቢሮዎች እንዲሁ ናቸው። የትምህርት ቤት ባለሙያ ከሆናችሁ በክረምቱ መሀል በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ገብታችሁ ኮምፒውተሮቹን ለአንድ ሰዓት አብሩአቸው፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርረዋል።

አራቱ ሙከራዎች

ካጸዳችሁ በኋላ ሁለቱንም አንድ ላይ መልሳችሁ አትሰኩ። አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ «ሀ»ን ስሎት 1 ላይ ብቻ ስኩ። የራሙ ቁርጥ ከስሎቱ ጉብታ ጋር መግጠሙን አይታችሁ በሁለት አውራ ጣት በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫኑ፤ መቆለፊያዎቹ ራሳቸው «ቀጭ» ብለው መዘጋት አለባቸው። በአንድ ጫፍ ብቻ የገባ ራም ከሩቅ ሲያዩት የገባ ይመስላል። አብሩ፣ ባዮስ ግቡ፣ ቁጥሩን ጻፉ። አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ። ቀጥሎ «ሀ» በስሎት 2። ከዚያ «ለ» በስሎት 1። ከዚያ «ለ» በስሎት 2። በየመሀሉ ገመዱን መንቀል እንዳትረሱ።

አሁን ወረቀታችሁን አንብቡት። «ለ» በሁለቱም ስሎት ካልሠራና «ሀ» በሁለቱም ከሠራ፣ ጥፋቱ የ«ለ» ነው፤ ወይ ሞቷል ወይ ለዚህ ማዘርቦርድ አይሆንም። ሁለቱም በስሎት 1 ሠርተው በስሎት 2 ከከሸፉ ራሞቹ ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ስሎቱ ጋ ነው። ሁሉም ለብቻ ለብቻ ሠርቶ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚጎድል ከሆነ ሁለቱ ራሞች አይስማሙም ወይም የማዘርቦርዱ ገደብ ደርሷል። የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር አጠገባችሁ ካለ የተጠረጠረውን ራም እዚያ ሞክሩት፤ ዓይነቱ ግን አንድ መሆን አለበት። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የራም ትውልዶች ናቸው፤ ዲዲአር3 የዲዲአር4 ስሎት ውስጥ በግድ አይገባም፣ ቁርጣቸው የተለያየ ቦታ ነው።

አራት ስሎት ያለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም ብቻ ካላችሁ ቀለማቸው አንድ የሆኑትን ስሎቶች ተጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ናቸው። የዲዲአር2ም የዲዲአር3ም ስሎት በአንድ ላይ ያላቸው የድሮ ማዘርቦርዶችም አሉ፤ አንዱን ዓይነት እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይቀበሉም።

ስሎት 2 ከከሸፈ ቶሎ «ማዘርቦርድ ይቀየር» አትበሉ። ከመጀመሪያው ትውልድ ኮር አይ5 እና አይ7 ጀምሮ ራሙን የሚቆጣጠረው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከታቹ ያለው ሶኬት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን መርፌዎች አሉት፤ አንዲቷ ብትጎብጥ ወይም አቧራ ቢሸፍናት አንድ የራም መስመር ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በአንድ ወገን ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰርም እንዲሁ ይሆናል። የማራገቢያውን ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ እኩል አጥብቁና ሞክሩ። ካልሆነ ፕሮሰሰሩን አንሥቶ መርፌዎቹን በማጉያ መስታወት ማየት አለ፤ ይህን ግን እጁ የለመደ ሰው ቢሠራው እመርጣለሁ፣ መልሶ ሲገጠምም አዲስ የሙቀት ቅባት ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ባዮሱን ወደ መነሻው መልሱት። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል አውጥታችሁ መልሱ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር ከሆነ ባትሪዋ አልቃለችና ቀይሯት።

ራሙ ጤነኛ ሆኖ ለማዘርቦርዱ የማይሆንበት ጊዜ

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚፈሰው፤ ያገለገለ ኮምፒውተር በሚበዛበት አገር በተለይ። እያንዳንዱ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) የሚቀበለው የራም ጣሪያ አለው። ጂ31 ያለበት ማዘርቦርድ ከ4 ጊጋ አያልፍም። ጂ41 ከ8 አያልፍም። ኤች61 እና ኤች81 16 ድረስ ናቸው። ስሙ ማዘርቦርዱ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ሞዴል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ይነግራችኋል።

ጂ41 ሌላም አመል አለው። ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም የሚቀበለው በሁለቱ ጎኖቹ 8፣ 8 በድምሩ 16 ቺፕ ካለው ነው። በአንድ ጎን ብቻ 8 ቺፕ ያለው አዲሱ ዓይነት ባለ 4 ጊጋ ቺፖቹ ለእሱ ከመጠን በላይ ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ወይ ጭራሽ አይነሣም ወይ በግማሽ ይቆጠራል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ራም የምታስገዙ ከሆነ ለምትልኩት ሰው «ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3» ብቻ አትበሉት፤ «በሁለቱም ጎን ቺፕ ያለበት» በሉት። ከተቻለ የነባሩን ራም ሁለት ጎን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት።

በርካሽ የሚሸጥ «ለኤኤምዲ» የተባለ ራምም አለ፤ ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር ብቻ ስለሆነ ኢንቴል ላይ አይሠራም። እኔም አንድ ጊዜ ዋጋው ስቦኝ ሁለት ገዝቼ፣ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ስሰካቸው ኮምፒውተሩ ጩኸት ብቻ ሆነ። የሰርቨር ራምም እንዲሁ ነው፤ «ሬጅስተርድ» የሚል ከሆነ የተለመደው ዴስክቶፕ አይቀበለውም። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም ሊዋሽ ስለሚችል ሲፒዩ-ዚ ውስጥ «ኤስፒዲ» በሚለው ገጽ እውነተኛውን መጠን እዩ።

ባዮስ አፕዴት ማድረግ አንዳንዴ አዲስ ራም እንዲታወቅ ያደርጋል። ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። አፕዴቱ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ዩፒኤስ ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ቁጥሩ ሲሞላ

ባዮሱም ዊንዶውስም ሙሉውን ሲያሳዩ ወዲያው ክዳኑን አትዝጉ። በዚያው የ«አር» ሣጥን «ኤምዲስኬድ» ብላችሁ (ኤም፣ ዲ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኢ፣ ዲ) የዊንዶውስን የራም ፈተና አስነሡ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ይፈትሻል። ጊዜ ካላችሁ ሜምቴስት86ን በፍላሽ ጭናችሁ ማታ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ሙሉ ዙር አስኬዱት። አንድም ስሕተት ቢያወጣ ያንን ራም አትመኑት፤ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ በየመሀሉ ፋይል ያበላሻል።

በመጨረሻ በክዳኑ ውስጠኛ ጎን ወረቀት ለጥፉ፦ የማዘርቦርዱ ሞዴል፣ የሚቀበለው ከፍተኛ ራም፣ የራሙ ዓይነት፣ አሁን በየስሎቱ ያለው፣ ዊንዶውሱ ስንት ቢት እንደሆነ፣ ቀኑ። የእኒያን እናት ኮምፒውተር 64 ቢት ጭኜ ስመልስላቸው ይህንኑ ለጥፌበታለሁ፤ በአደራ የመጣው ሦስተኛው ራምም ለጎረቤታቸው ኮምፒውተር ሆነ።